ሜዳ ላይ የሚያስተምር ኮሌጅ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ወጥቷል፤ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ መሙያው ቀንም ደርሷል። ተማሪዋ በዱር እንስሳት ጥበቃና አያያዝ የመጀመሪያ ዲግሪዋን መሥራት ትፈልጋለች። አጎቷ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ መጀመሪያ የፓርክ ጠባቂ ስካውቶችን ሲመሩ፣ ኋላም በፓርክ ኃላፊነት ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ምርጫዬን ከመሙላቴ በፊት ላማክርዎት ብዬ ነው የመጣሁት። አንደኛ ጅማ፣ ሁለተኛ ባሕር ዳር፣ ሦስተኛ ሐዋሳ ብዬ አስቤያለሁ።

አጎት፦ በምን ደረደርሻቸው?

ተማሪዋ፦ በስማቸው። ትልልቅ ናቸው፣ ከተሞቹም ጥሩ ናቸው። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከፍሬሽማን በኋላ ስለሆነ የዱር እንስሳቱን ጉዳይ ያኔ አስብበታለሁ ብዬ ነው።

አጎት፦ ያኔማ ይመሽብሻል። ዲፓርትመንት በኋላ የሚመረጠው የገባሽበት ግቢ ካለው ውስጥ ነው። የእኛ ትምህርት ደግሞ እንደ ኬሚስትሪ በየዩኒቨርሲቲው አይገኝም። አንዳንዱ ጋ ራሱን ችሎ ይሰጣል፣ አንዳንዱ ጋ ከኢኮቱሪዝም ጋር ይጣመራል፣ ሌላው ጋ ከዓሣና ከረግረግ መሬት ጋር ይሰጣል። በብዙው ግቢ ግን በባዮሎጂ ወይም በተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ውስጥ ጥቂት ኮርስ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄሽ «ትምህርት ክፍሉ አለ ወይ? ባለፉት ዓመታት በተከታታይ ተማሪ ተቀብሎ አስመርቋል ወይ?» የሚል ይሁን። በወረቀት ላይ ተከፍቶ ተማሪ የማይቀበል ክፍልም ሊያጋጥምሽ ይችላል።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ይህን አጣራለሁ። ክፍሉ ያለባቸው ሁለት ሦስት ቢሆኑስ በምን አበላልጣቸው?

አጎት፦ ከዚያ በፊት እኔ ልጠይቅሽ። የዱር እንስሳት ባለሙያ ጧት ተነሥቶ የሚሠራው ምን ይመስልሻል?

ተማሪዋ፦ እንስሳቱን መከታተል፣ መቁጠር፣ ከሕገ ወጥ አዳኝ መጠበቅ።

አጎት፦ እሱም አለበት። የባሌን ቀይ ቀበሮ ነገር ግን ስሚ። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ባሌ ተራሮች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙዎቹን ፈጀ፣ በ2003 ደግሞ ተመለሰ። በ2003ቱ ዙር በባሌው ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ከአራት እጅ ሦስቱ አለቁ። በሽታውን ያመጣባቸው ጠመንጃ የያዘ ሰው እንዳይመስልሽ። ከብት ተከትሎ ደጋ የወጣ የእረኛ ውሻ ነው። ባሌ ውስጥ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለ፤ አርብቶ አደሩ ወቅት እየጠበቀ ከብቱን ወደ ከፍታው ያወጣል። ከብቱ ሲወጣ ውሻው ይከተላል፣ ከውሻው ጋርም በሽታው ይወጣል።

ተማሪዋ፦ ታዲያ ምን ተደረገ?

አጎት፦ ውሾቹ ተከተቡ። መንደር ለመንደር እየተዞረ፣ ባለቤቱን እያስረዱ፣ ውሻውን እያስያዙ። ወረርሽኝ በተነሣባቸው ቦታዎችም ቀበሮዎቹ ራሳቸው እየተያዙ ተከተቡ። በኋላ ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ ቀበሮው የሚበላው ክትባት ተጀመረ። አሁን አስቢው፤ ይህን ሥራ የሚመራ ሰው ምን ምን ማወቅ አለበት? የቀበሮውን ባሕርይ፣ የበሽታውን አካሄድ፣ የከብት አረባቡን ሥርዓት፣ የእረኛውን ቋንቋ ማወቅ ግድ ይለዋል። እረኛው በሩን ካልከፈተለት የዲግሪ ብዛት ቀበሮውን አያድነውም። ኮሌጅ ስትመርጪ «ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያስተምረኝ የቱ ነው?» በይ። ብቻውን ስለ እንስሳ የሚያስተምር ክፍል ግማሹን ሥራ ትቶብሻል።

ተማሪዋ፦ ግን የእንስሳቱ ሳይንስ መቅደም የለበትም? ከሰው ጋር መነጋገርን ሥራ ላይ ሆኜ እማረዋለሁ።

አጎት፦ ሥራ ላይ የሚማሩት ዋጋው ይከብዳል፤ ዋጋውንም የሚከፍለው እንስሳው ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የፓርኮቻችን ካምፖች ተዘረፉ፣ ቤቶቹ ፈረሱ። ባሌ ላይ ደጋ አጋዘን በብዛት ተገደለ፤ እሱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር በየትም አይገኝም። ከዓመታት በፊት ከእርሻውና ከግጦሹ የተነሣው ገበሬ ፓርኩን የመንግሥት ንብረት አድርጎ ያየው ነበር፤ መንግሥት ሲወድቅ ለፓርኩም የቆመለት ጠፋ።

አሁን ደግሞ መንዝ ሂጂና የጓሳን ሜዳ ተመልከቺ። ሕዝቡ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጠብቆታል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ሲደርስም በስምምነት ተከፍቶ ለቤት ክዳንና ለከብት ይታጨዳል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቀሮን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ በኋላ እንደገና ተደራጅቶ ሜዳውን መጠበቁን ቀጠለ። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እስከ ዛሬ እዚያ አሉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያስተምርሽ ኮርስ ያለው ኮሌጅ ፈልጊ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጁን አስነብቦ የሚያከራክርሽ መምህር ካገኘሽ ደግሞ እሰየው ነው።

ተማሪዋ፦ እሺ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን አስቀድሜ ላንብበው። ኮርሶቹ ሁሉም ጋ ተመሳሳይ ቢሆኑስ? ብዙው የተቀራረበ እንደሆነ ሰምቻለሁ።

አጎት፦ እውነት ነው፤ በወረቀት ላይ ይቀራረባል። ልዩነቱ የሚመጣው ፊልድ ላይ ነው። ለምሳሌ ቆጠራን ውሰጂ። መማሪያ ክፍል ውስጥ በአንድ ሰዓት ይነገርሻል፤ ቀጥ ያለ መስመር ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ እንስሳ ባየሽ ቁጥር ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅ ትለኪያለሽ፣ የራቀው ብዙ ጊዜ ስለማይታይ በስሌት ታርሚዋለሽ። ተፈጸመ። ሜዳው ላይ ስትወጪ ግን መስመርሽ ገደል አፋፍ ላይ ያደርስሻል፣ ጉም ይወርዳል፣ ነፋሱ ጠረንሽን ቀድሞ ያደርስብሻል፣ ከአስታ ቁጥቋጦው ውስጥ ያለው አጋዘን አንድ ይሁን ሦስት ትጠራጠሪያለሽ። አብሮሽ ያለው ስካውት ያየውን አንቺ አላየሽም። ያን ጊዜ ነው የማትሸሺው ጥያቄ የሚመጣው፦ «የጻፍኩት ቁጥር ምን ያህል ይታመናል?» ይህን ጥያቄ ደጋግሞ የጠየቀ ተማሪ ባለሙያ ሆኖ ይወጣል።

ተማሪዋ፦ እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ቦታ አለ?

አጎት፦ ታንዛኒያ ውስጥ ከኪሊማንጃሮ ግርጌ ምዌካ የሚባል ኮሌጅ አለ። እ.ኤ.አ. በ1963 ነው የተከፈተው። አገሮቹ ነፃ ሲወጡ ፓርኮቹን ይመሩ የነበሩት እንግሊዞች መሄዳቸው ስለማይቀር አፍሪካውያን እንዲተኳቸው ታስቦ ነበር። ከኢትዮጵያም የፓርክ ሠራተኞች እየሄዱ ተምረውበታል፤ ዛሬ የመጀመሪያ ዲግሪም ይሰጣል። ስሙን ያስጠራው ተማሪውን ከነድንኳኑ ወደ ሴሬንጌቲና ወደ ሌሎቹ ፓርኮች ማውጣቱ ነው። ካምፕ ማቋቋም፣ መኪና ከጭቃ ማውጣት፣ ካርታ ማንበብ፣ ፓትሮል መምራት ሁሉ ትምህርት ነው። በፈረንሳይኛ ለሚናገሩት አገሮችም ካሜሩን ጋሩዋ ላይ ተመሳሳይ ትምህርት ቤት ተቋቁሟል።

ተማሪዋ፦ ምዌካ ለእኔ ከዐቅም በላይ ነው፤ የውጭ ተማሪ ክፍያ፣ ትራንስፖርት፣ ኑሮ። እዚሁ አገር ያለውን ይንገሩኝ።

አጎት፦ እዚህ አገር ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ወንዶ ገነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 የደን ትምህርት ቤት ሆኖ ጀመረ፤ ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ግቢው ራሱ ከተፈጥሮ ደን ሥር ነው ያለው፣ ጉሬዛ ከዛፉ ላይ ይታያል። ወደ አብጃታ ሻላ ሐይቆች፣ ቆርኬ ወደሚጠበቅበት ወደ ሰንቀሌም በአንድ ቀን ተሂዶ ይመለሳል። ስለዚህ ሦስተኛ ያልሽውን ሐዋሳን ስትሞዪ ከተማውን ሳይሆን ወንዶ ገነትን እያሰብሽ ሙዪው። ባሕር ዳር ደግሞ የጣና አካባቢ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል። የውኃ ወፍና ረግረግ መሬት ከወደድሽ እዚያ መማር ይጠቅምሻል።

ተማሪዋ፦ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። አዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች እኮ ለፓርክ ይቀርባሉ። መዳ ወላቡ ሮቤ ላይ ነው፣ የባሌ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ደግሞ ቅርቡ ነው። ደባርቅ የስሜን መግቢያ ነው። አርባ ምንጭ ነጭ ሣርን ይዋሰናል። ጂንካ ለማጎና ለኦሞ ቅርብ ነው፣ ጋምቤላም የራሱ ፓርክ አለው።

አጎት፦ ጥሩ አየሽ። ቅርበት ግን ብቻውን አያስተምርም። ፓርኩ ከግቢው በር ላይ ሆኖ ተማሪው ዓመቱን ሙሉ ሳይረግጠው ሊመረቅ ይችላል። ጠይቂ፤ ዩኒቨርሲቲው ከፓርኩ ጋር የስምምነት ሰነድ አለው? ተማሪው ለኢንተርንሺፕ እዚያ ይመደባል? የመመረቂያ ጽሑፉን መረጃ ከፓርኩ ይሰበስባል? ለፊልድ የሚሆን መኪናና በጀት አለ? መምህራኑ ራሳቸው ፓርኩ ውስጥ ምርምር ይሠራሉ? ለእነዚህ አዎንታዊ መልስ ያለው አዲስ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሙያ ስሙ ከገነነ ግቢ ይሻልሻል። ሌላም አለ፤ የአካባቢው ሰላም። መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚሰረዘው የተማሪ ፊልድ ነው። ዘንድሮ ተማሪዎቹ ወጥተው እንደሆነ ጠይቂ፤ ያምናው መልስ ለዘንድሮ አይሠራም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ እስካሁን የነገሩኝን ሁሉ ተቀብያለሁ። አንድ ላይ ግን አልስማማም። እርስዎ የፊልድ ነገር ላይ በጣም አጥብቀዋል። አንድ እንስሳ በዚህ ዓመት በአንድ ዘዴ፣ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ዘዴ፣ በሌላ ሰው፣ በሌላ ወር ቢቆጠር ቁጥሩ ሲቀንስ የቀነሰው እንስሳው ይሁን ቆጠራው እንዴት ይታወቃል? ይህን የሚፈታው ስታቲስቲክስ ነው። ዛሬ ደግሞ እንስሳው አንገቱ ላይ ጂፒኤስ ይታሰርለታል፣ ካሜራ ትራፕ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ያነሣል፣ መሬቱ በሳተላይት ይታያል። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ከጋምቤላ ተነሥቶ ደቡብ ሱዳን ገብቶ ሲመለስ በእግር ተከትሎ የሚጨርሰው የለም። ኮምፒውተርና ስታቲስቲክስ ደካማ የሆነበት ግቢ ብገባ ፊልድ የሰበሰብኩት ሁሉ ደብተር ላይ ይቀራል።

አጎት፦ ይህን በደንብ ተናገርሽ፤ ክርክርሽን ተቀብያለሁ። ባለሥልጣን ፊት ቀርቦ «ይህ መንገድ ፓርኩን አቋርጦ እንዳያልፍ» ብሎ የሚከራከር ሰው ቁጥሩ ካልታመነ አይሰማም። ስሜን እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ሲወጣ ስለ ዋልያው፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ መንገዱ ማስረጃ እየቀረበ ነው ውሳኔው የተወሰነው። እንግዲህ ሌላ ጥያቄ ጨምሪ፦ ስታቲስቲክስና ጂ.አይ.ኤስ. በኮምፒውተር ላይ በተግባር ይሰጣሉ ወይስ በጥቁር ሰሌዳ? ፊልድ ብቻ ያለው ግቢ ጥሩ ስካውት ያወጣል፤ ኮምፒውተር ብቻ ያለው ጥሩ ጸሐፊ። አንቺ ሁለቱን ነው የምትፈልጊው።

ተማሪዋ፦ የመውጫ ፈተናም አለ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያላመጣ ዲግሪውን አያገኝም። ፊልድ ስወጣ ቆይቼ ፈተናው ላይ ብወድቅስ?

አጎት፦ የክፍሉን የመውጫ ፈተና ውጤት ከተመራቂዎቹ ጠይቂ። ዩኒቨርሲቲው በአጠቃላይ ስንት አሳለፈ የሚለው ለአንቺ ብዙ አይነግርሽም፤ ያንቺ ክፍል ስንት አስፈትኖ ስንት አሳለፈ የሚለውን ያዢ። ፈተናውን ግን በፊልድ አታሳብቢው። ሣርና ቅጠሉን በእጁ ይዞ የለየ ልጅ ጥያቄው ላይ አይደናገርም።

ተማሪዋ፦ ሌላው ሴት መሆኔ ነው። እናቴ የምትፈራው ይህን ነው። «ነርሲንግ ተማሪ፣ ከተማ ትሠሪያለሽ፤ ጫካ ለጫካ ከወንድ ጋር መዞር ምንድን ነው?» ትለኛለች።

አጎት፦ የእናትሽ ሥጋት ከንቱ አይደለም፤ በጥያቄ መልሺላት። በክፍሉ ሴት መምህራን አሉ? ፊልድ ላይ ለሴቶች የተለየ ድንኳንና መጸዳጃ ይዘጋጃል? ያልተገባ ነገር ቢደርስ አቤት የሚባልበት ሰው ማነው? የቀደሙትን ሴት ተማሪዎች አግኝተሽ በቀጥታ ጠይቂያቸው። ይህን በሥርዓት ያልመለሰ ክፍል፣ ፊልዱ የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ከዝርዝርሽ ይውጣ። እናትሽን ደግሞ እኔ አነጋግራታለሁ። በፓርኩ ዙሪያ ካሉት ሴቶች ጋር ስለ እንጨትና ስለ ውኃ የሚነጋገር ባለሙያ በጣም ያስፈልገናል፤ በደኑ በየዕለቱ የምትጠቀመው ሴቷ ስትሆን ስብሰባ ላይ የሚጠራው ባሏ ነው።

ተማሪዋ፦ ሥራውስ? ተመርቄ ቤት ብቀመጥ እናቴ «አላልኩሽም?» ትለኛለች።

አጎት፦ የሥራ በሩ ሰፊ አይደለም፤ ይህን እያወቅሽ ግቢ። ዋናው ቀጣሪ የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና የክልሎቹ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። ባሌና ስሜን ላይ ከመንግሥት ጋር የሚሠሩ ድርጅቶች አሉ። ከሆለታ አጠገብ እንስሳ ኮቴ የሚባል የታደጉ እንስሳት ማቆያ አለ። የአቦ ሸማኔ ግልገል በምሥራቅ በኩል ተሸሽጎ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲወጣ በመንገድ ላይ የሚይዝ፣ በአየር ማረፊያ የዝሆን ጥርስ የሚለይ ባለሙያም ያስፈልጋል። አስጎብኚነትም፣ ሕጋዊ የስፖርት አደን የሚካሄድባቸው ቦታዎች ክትትልም አለ። እንዲህ ባለ ጠባብ በር የሚያልፈው ቀድሞ የታወቀ ሰው ነው። በኢንተርንሺፕ ጊዜ ስካውቶቹ የሚያውቁት፣ ኃላፊው ሪፖርቱን ያነበበለት ልጅ ማስታወቂያ ሲወጣ ይታወሳል። ኮሌጁ ከፓርክ ጋር ያለው ግንኙነት የሥራ መንገድሽም ነው የምልሽ ለዚህ ነው።

ተማሪዋ፦ ሁሉን አጣርቼ ሞልቼ ምደባው ሌላ ቦታ ቢወስደኝስ?

አጎት፦ የደረሰሽ ግቢ ክፍሉ ከሌለው ባዮሎጂ ወይም የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ግቢ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በዱር እንስሳ ላይ አድርጊ፤ ከግቢው ጀርባ ያለ ጅብም ይሁን ወፍ ይበቃሻል። ስታቲስቲክሱን አትልቀቂው። በእረፍትሽ አቅራቢያሽ ወዳለው ፓርክ ደብዳቤ ጽፈሽ በነፃ ላግዝ በይ። ከዚያ ሁለተኛ ዲግሪሽን በዘርፉ ትይዣለሽ። በዚህ መንገድ የመጡ ጥሩ ባለሙያዎች አሉ። ትንሽ ይረዝማል እንጂ ያደርሳል።

ተማሪዋ፦ እንግዲህ ዝርዝሬን እንዲህ ላስተካክለው። ሐዋሳን ወንዶ ገነትን አስቤ አንደኛ አደርገዋለሁ። ሁለተኛና ሦስተኛውን ገና ክፍት እተወዋለሁ። መዳ ወላቡንና ባሕር ዳርን አወዳድራለሁ፤ ክፍላቸው ተማሪ እንደሚቀበል፣ ዘንድሮ ፊልድ ወጥተው እንደሆነ፣ ከፓርኩ ወይም ከሐይቁ ጋር ምን ስምምነት እንዳላቸው፣ ስታቲስቲክሱ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሴት ተማሪዎቹ ምን እንደሚሉ እጠይቃለሁ። ጅማንም በዚያው ሚዛን አያለሁ፤ ክፍሉ ከሌለው ይወጣል።

አጎት፦ ማንን ነው የምትጠይቂው?

ተማሪዋ፦ የዩኒቨርሲቲዎቹን ሬጅስትራር።

አጎት፦ ሬጅስትራሩ ክፍሉ መኖር አለመኖሩን ይነግርሻል፤ ለቀረው ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን ፈልጊ። «ባለፈው ሴሚስተር የት ወጣችሁ? ስንት ሌሊት አደራችሁ? ምን ቆጠራችሁ? መረጃውን ማን ተነተነው?» በያቸው። ቦታውን በስሙ፣ እንስሳውን በዓይነቱ፣ ስሕተታቸውን ሳይቀር የሚነግሩሽ ከሆነ የሚያስተምር ክፍል ነው። «ፊልድ አለ ይባላል» ብለው ከመለሱልሽ ግን ምርጫሽን ወደ ሌላው አዙሪ።

ተማሪዋ፦ ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ወንዶ ገነት ሦስተኛ ዓመት ያለች የትምህርት ቤታችን ልጅ አለች፣ ቁጥሯን አገኛለሁ። የባሌውን ደግሞ እርስዎ ያገናኙኛል?

አጎት፦ ዲንሾ ካሉት የቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር አገናኝሻለሁ። እነሱ ተማሪ ሲመጣላቸው ከየትኛው ግቢ የመጣው ሥራ እንደሚችል ያውቃሉ። እሱንም ጠይቂያቸው፤ ፓርክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ስለ ኮሌጅ የሚሰጠው ምስክርነት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል። ቅጹን የምትሞዪው ከዚያ በኋላ ይሁን።